የምንጭ ዳር አትክልትና መንገደኛው

ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ ገና የሚቀረው ጉዞ ሳለ፣ በመንገድ ዳር ባገኘው የለመለመ አትክልት ቦታ ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል ቢያሳልፍ ምን እንለዋለን? ዐረፈ እንላለን ወይስ ዘገየ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በሥነ ምግባር መጻሕፍትም ከግድያና ከስርቆት፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከዐራጣ ጎን የሚሰለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው ጊዜውን፣ ደስታውንና የሌላውን ሰው ድካም በምን ዓይን እንደሚያይ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ስለ ሆነ፣ ከውድ አንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ጎዳና እንውሰድ። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል አልፎ ወረታ ላይ ከባሕር ዳርና ከጎንደር መንገድ ጋር የሚገናኘው፣ ርዝመቱም 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ጎዳና፣ በቻይና ርዳታ ስለ ተሠራ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ‹‹የቻይና መንገድ›› ይለዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ የታሰበው ይህ ሥራ የተፈጸመው በደርግ ዘመን ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የጋይንትን ደጋ አይረሳም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ስሟን ያወጡላት ሰዎች ምንም እንዳላጋነኑ ከሰዓት በኋላ እዚያ ከመኪና የወረደ ሁሉ ይመሰክራል። በስተ ምዕራብ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት የጉና ተራራ ቆሟል። በስተ ደቡብ ምድሩ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ እስቴም ከጉና ማዶ ተዘርግቷል።

በመጋቢት ወር ይህ አገር ድንጋይና ገለባ ብቻ ይመስላል። በአቆጣጠራችን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። (ብዙ ሰው የመስከረሙን አበባ ወቅት ጸደይ ይለዋል፤ የዚያ ትክክለኛ ስሙ ግን መጸው ነው።) የበልጉ ዝናብ ከዘገየ ጸደይ በስም እንጂ በመልክ አይታይም። መኪናው እየዞረ ሲወጣና ሲወርድ፣ ዓይንም ከአንዱ የተራቆተ ተረተር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ በድንገት ከመንገዱ በታች አንድ መደብ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ትላለች። ምንጭ አለ ማለት ነው። ከምንጩም ሥር ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ በዳርቻውም ጤና አዳምና አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ አለ። ያን ጊዜ ሹፌሩ እንኳ ሳይነገረው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል።

ታዲያ እንቁም ወይስ እንለፍ?

የሂፖው ጳጳስ ቅዱስ አውጎስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ይህንኑ መንገደኛ አንሥቶት ነበር። አውጎስጢኖስ በዚያ ስፍራ ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ በነገር መጠቀምና በነገር መደሰት። መጠቀም ማለት አንዱን ነገር ወደ ሌላው ለመድረሻ ማድረግ ሲሆን፣ መደሰት ግን ነገሩን ስለ ራሱ ወድዶ በእርሱ ማረፍ ነው። ይህን ለማስረዳት ከአገሩ ርቆ ወደ አገሩ የሚመለስን ሰው ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ሰውየው የሚሳፈርበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን የመንገዱ ውበትና የጉዞው ምቾት ቢማርከው ቤቱን ይረሳል፣ መድረስንም ይጠላል። የትምህርቱ ፍሬ ግልጽ ነው፤ ይህ ዓለም መንገድ ነው፣ ቤታችን ሌላ ነው።

በዘርዓ ክህነት ይህን ስንማር ብዙዎቻችን ያተረፍነው አንድ ዓይነት ጥርጣሬ ነው፤ ከመንገድ ዳር ያለ ደስታ ሁሉ ወጥመድ ይመስለናል። የአውጎስጢኖስ ሐሳብ ግን እንዲህ ጠባብ አይደለም። መንገደኛው አይረፍ አላለም፤ ቤቱን አይርሳ አለ እንጂ። ዮሐንስ ካሲያኖስ በአምስተኛው መቶ ዘመን የጻፈው፣ ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ለዕረፍት ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰው አንድ የቆየ ትረካ አለ። ወንጌላዊው ዮሐንስ በሽምግልናው ጊዜ ተዝናንቶ ሲያርፍ ያየ አንድ ባለ ቀስት ተገርሞ ቢጠይቀው፣ ዮሐንስ መልሶ ስለ ደጋኑ ጠየቀው። ደጋን ዘወትር ተወጥሮ ቢውል ኃይሉን ያጣል ወይም ይሰበራል፤ ሰውም እንዲሁ ነው። ከወልድያ ጀምሮ መሪ ጨብጦ የዋለ ሹፌር ለዚህ ማስረጃ አያሻውም። ስለዚህ ስለ ዕረፍቱ ብዙ አንከራከርም። ደክሞት ሳያርፍ የሚነዳ ሰው በራሱም በተሳፋሪውም ነፍስ ላይ ይቀልዳል።

የሚያከራክረው ሌላ ነው። በዘመናችን ያለው አደጋ አውጎስጢኖስ ከፈራው ጋር የተገላቢጦሽ ይመስለናል። እርሱ በመንገዱ ተማርኮ ቤቱን ስለሚረሳ ሰው ተጨነቀ። እኛ የምናየው መድረሱን ብቻ እያሰበ በመንገዱ ያለውን ሁሉ የማያይ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ለፋሲካ ወደ ወላጆቹ የሚሄድ ወጣት አገር ከአገር ሲያቋርጥ ዓይኑ ከእጅ ስልኩ አይነሣም፤ ጋይንትን ዐሥር ጊዜ አቋርጦ ጋይንትን አያውቀውም። ይሁን፤ ይህም ቢሆን ገና ግማሹ ነው። የአውጎስጢኖስ ምሳሌ ከነሙሉ ጥበቡ አንድ ሰው ይጎድለዋል። በምሳሌው ውስጥ መንገደኛ አለ፣ መሳፈሪያ አለ፣ ያማረ መንገድ አለ፣ ቤት አለ። አትክልተኛው የለም። ለመንገደኛው ‹‹መንገድ ዳር›› የሆነው ስፍራ ለአንድ ሌላ ሰው ቤቱ ነው። እኛ የምናልፍበት ቦታ እርሱ የደረሰበት ነው።

ይህን ለመረዳት ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በአንዱ መጋቢት ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ በነፋስ መውጫና በክምር ድንጋይ መካከል ያየነውን ብንናገር ይበቃል። አራት ነበርን። የምንጯ ባለቤት የመሰሉን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በእጃቸው ዶማ ይዘው ከድንቹ መካከል ቀና አሉ። ‹‹እንደምን ዋላችሁ፣ ውረዱ፣ ውኃው የእግዜር ነው›› አሉን። ወርደን ጠጣን፤ ፊታችንንም ታጠብን። ከእኛ አንዱ ወጣት ከመኪናው ባልዲ አውጥቶ ጭቃውን ሊያጥብ ወደ ቦዩ ሲጠጋ ግን እናት ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ‹‹ተው ልጄ፣ ከታች የሚጠጡ አሉ›› አሉት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ ‹‹አባቴ፣ ምንጩም የእኔ አይደለም፤ የእኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው›› አሉን።

የሁለተኛው ቃላቸው ትርጉም በቆየን ጊዜ ተገለጠልን። በዚያ አካባቢ፣ እንደ ብዙው የአማራ አገር፣ አንድ ምንጭ ብዙ ማሳ ሲያጠጣ ውኃው በተራ ይከፈላል። ተራውን የሚያስጠብቀው በተጠቃሚዎቹ የተመረጠ ‹‹የውኃ አባት›› ነው። የአንዱ ተራ ሲያበቃ ቦዩ በሣር ክምር ይዘጋል፣ ወደ ሌላው ይለቀቃል። በሌሊት ተነሥቶ የሌላውን ተራ የሚሰርቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፤ በውኃ ምክንያት የተጀመረ ጠብ እስከ ደም የደረሰበት ጊዜም ብዙ ነው። እንግዲህ እኛ አንድ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ያየነው ስፍራ ለነዋሪዎቹ በሰዓት የተለካ፣ በስምምነት የታጠረ፣ በትዕግሥት የተያዘ ነገር ነበር።

‹‹ከታች የሚጠጡ አሉ›› የሚለውም ቃል ከዚያች ቦይ በላይ ይዘልቃል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በፎገራ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ፣ በሐይቁ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ከጣና በሚወጣው ዐባይ ዳር የሚኖረው ሁሉ ከታች የሚጠጣ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል የሰቡትን በጎች የገሠጸበትን ስፍራ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታስታውሳላችሁ። በጎቹ የተወቀሱት ስለ ጠጡ አይደለም፤ ጥሩውን ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው ስላደፈረሱት ነው እንጂ። በዓይን የሚወሰድ ነገር ከአትክልቱ ምንም አያጎድልም፤ ሺህ መንገደኛ ጽጌረዳውን ቢያይ ጽጌረዳው አንድ ቅጠል አይቀንስም። በእጅና በእግር የሚወሰድ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ‹‹አንድ ፍሬ ብቻ›› ብሎ የሚቀጥፍ መንገደኛ ከእርሱ በፊት ስንት ‹‹አንድ ፍሬ ብቻ›› እንደ ተቀጠፈ አያውቅም።

ወደ ላይም ማየት ያስፈልጋል። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የሚወርድ ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸለቆ ይገባል፤ በመጋቢት አይገኝም። እርከን ባለበት፣ ሣርና ዛፍ በተጠበቀበት ተራራ ላይ የወረደው ግን ወደ መሬት ሰርጎ ወራት ቆይቶ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መንገደኛው በመጋቢት የሚጠጣው ውኃ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ያቆየውም የሰው ጉልበት ነው። ላይ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። በዚያ መርሐ ግብር የምግብ እጥረት ያለበት ሰው፣ ጉልበት ካለው፣ በእርከንና በችግኝ ተከላ፣ በምንጭ ማጎልበትና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ በምትኩ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ስለዚህ ተርቦ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ያሠረው እርከን ዛሬ እርሱ ያልተከለውን አትክልት ያጠጣ ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የዚሁ ውለታ ክፍል ናቸው። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። በዙሪያቸው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቆት እነዚህ ደኖች እንደ ደሴት የቀሩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህናትና ምእመናን ‹‹የደብር ዛፍ አይቆረጥም›› ብለው ለብዙ ትውልድ ስለ ጠበቁ ነው። ወንድሞቻችን ያቆዩትን ይህን ሀብት ማመስገን ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ ሰው ያለቀበት፣ ከዚያም በኋላ በየጥቂቱ ዓመት እጥረት የሚያንዣብብበት አገር ውስጥ መኪና አቁሞ በአበባና በቅጠል መደሰት ጨዋነት ነውን? ሰው የሚበላው ሳያገኝ እኛ ‹‹እንዴት ያምራል›› ማለታችን ስድብ አይሆንምን? ይህን የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ አናቃልላቸውም። ነገር ግን ዓይኑን ከውበት የመለሰ ሰው በመመለሱ ማንንም አላበላም። በዚያ ላይ ጽጌረዳዋን ከድንቹ መደብ ዳር የተከሉት እነዚያ እናት ናቸው፤ አንበላትም፣ አንሸጣትም። ድኻ የሚያስፈልገው እንጀራ ብቻ ነው ብለን የምናስብ እንደ ሆነ፣ የእርሳቸውን ጽጌረዳ ለእኛ ለጠገብነው ብቻ የተተከለች አድርገን ቆጠርናት ማለት ነው። ስድቡስ ይሄ ነው። የሚያስነቅፈው ደስታው አይደለም፤ አረንጓዴውን አይቶ ዶማውን አለማየት ነው።

ዶማውን ማየትም በስሜት አያበቃም። በዚያ መንገድ ዳር ድንች በከረጢት፣ ነጭ ሽንኩርት በጉንጉን ይሸጣል። ከመኪናው መስኮት ሳይወርድ፣ ሞተር ሳያጠፋ፣ ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ እያወቀ ግማሹን ዋጋ ካልሆነ የሚል ገዢ ስንት ጊዜ አይተናል! ሻጩ ሌላ መኪና መቼ እንደሚያልፍ ስለማያውቅ እሺ ይላል። ይህን ‹‹ተስማምተን ገዛን›› ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱ ወገን ተቸግሮ የተስማማበት ዋጋ ትክክለኛ ዋጋ ነው ብለን ለተማሪዎቻችን ልናስተምር አንችልም። እንዲያውም ይህች የጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ነገር ከብዙ ረጅም ስብከት ይልቅ ስለ ፍትሕ ታስተምራለች።

እስካሁን የተናገርነው መቆም ይቻል በነበረበት ዘመን ስለ ነበረው ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ዘልቆ የከተማዋና የዙሪያዋ ሕዝብ ብዙ መከራ ተቀበለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገደኛ ከመኪናው ለመውረድ ይፈራል፤ ባለ አትክልቱም የቆመውን መኪና ይፈራል። ‹‹ማን ነው? ምን ሊያደርግ ቆመ?›› ይባላል። ጦርነት ከሚያጠፋቸው ነገሮች መካከል በቁጥር የማይገባ አንዱ ይህ ነው። ውኃ ለጠየቀ ጠላ ይቀዳ በነበረበት አገር፣ የመሸበት ሰው ‹‹የእግዜር እንግዳ ነኝ›› ብሎ በማያውቀው ሰው ደጅ ይቆም በነበረበት አገር፣ ቆሞ ‹‹እንደምን ዋላችሁ›› ማለት ራሱ የሚያስጠረጥር ሆነ። የፈረሰ ድልድይ በገንዘብና በሲሚንቶ ይሠራል። እንግዳን ያለ ፍርሃት መቀበል ሲፈርስ ግን በምን እንደሚሠራ መሐንዲስ አያውቅም፤ ምናልባት ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው ቀድሞ ሰላምታ በመስጠት ብቻ ይጀመር ይሆናል። ስለዚህ መቆም ይገባልን ብለን ለጀመርነው ጥያቄ የዛሬው ኀዘናችን የራሱን መልስ ይጨምራል፤ ሰው መቆም ሲከለከል ነው መቆም ምን እንደ ነበረ የሚያውቀው።

በግእዝ ሥርዓት የምንጸልይ ሁሉ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ የእመቤታችንንና የሕፃኑን ወደ ግብጽ መሰደድ እያሰብን እናሳልፋለን። ምድር በአበባ በተሸፈነች ጊዜ ስደትን ማሰባችን ሁልጊዜ ያስደንቀናል። በትውፊት እንደሚነገረው ስደተኞቹ ዛሬ የካይሮ ክፍል በሆነችው በማጣርያ ዐርፈዋል። በዚያም ምንጭ አለ፣ የእመቤታችን ዛፍ የሚባል አለ፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም ዘይቱ ለሜሮን የሚፈለግ የበለሳን አትክልት በዚያ ይለማ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ስፍራውን ያከብረዋል። ከዛፉ ቅርፊትና ቅርንጫፍ የሚወስደው ጎብኚ ስለ በዛ ዛፉ በአጥር ውስጥ እንዲጠበቅ ሆኗል። በመካከለኛው ዘመን ስፍራውን የተሳለሙ አውሮጳውያን ስለ በለሳኑ ብዙ ጽፈዋል፤ አትክልቱን ያጠጡ ስለ ነበሩት ሰዎች የነገሩን ግን ጥቂት ነው። ይልቁንስ ውኃውን በመዘውር ይስቡ ስለ ነበሩት በሬዎች አንድ ነገር ይተርካሉ። በሬዎቹ ቅዳሜ ቀትር ሲሆን ይቆሙ ነበር ይላሉ፤ ቢመቱም እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ አይንቀሳቀሱም። በሬዎቹ ከቆሙ ደግሞ የሚነዳቸውም ሰው በዚያ ቀን ቤቱ ይውል ነበር ማለት ነው።